አባባና የወፎቹ ውሃ

ሱቅ የሚጠብቅ ሰው ለዕቃ እንጂ ለጉዞ አይወጣም። እኔ ጆሃንስበርግ፣ አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ ረጅሙ መንገዴ ከቤቴ ጄፔ ጅምላ ገበያ፣ ከጄፔ ቤቴ ነበር፤ እሱም ዘይትና ዱቄት ታቅፌ። ስለዚህ ሐዋሳ ያላችሁ ዘመዶቼ «ባሕር ሄደሽ ነበር አሉ፣ እስቲ አውሪን» እያላችሁ በየተራ ስትደውሉልኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ ስደጋግም ድምፄ ከሚዘጋ አንዴ ጽፌው ልገላገል አልኩ። ስለ ባሕሩ ብዙ እንዳትጠብቁ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ባሕሩን ገረፍ አድርጌ ነው ያየሁት፤ ስመለከት የከረምኩት አባቴን ነው።

ጽሑፉ ከእናንተ አልፎ ቢሄድ፣ አባቴን አቶ ኤርጊቾን ለማያውቅ ሰው፦ ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ አይሆንም ካለ አይሆንም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። ጌታን ካመነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ያልተጠመቀ ብቻ ነው። እኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ያልተጠመቀ ሰው የጌታን እራት አይወስድም። ዳቦው በትሪ በየወንበሩ ሲዞር አባባ በሁለት እጁ ይቀበልና ሳይነካው አጠገቡ ላለው ሰው ያሳልፋል። አጠገቡ ያለችው ሁልጊዜ እናቴ ነበረች። ያንን ትሪ ከእጁ ስትቀበል ኖራ ባለፈው ዓመት አረፈች። ከማረፏ በፊት በስልክ፣ «እኔ አልቻልኩትም፤ አንቺ ሞክሪው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ለእናት በስልክ እሺ ማለት ቀላል ነው።

አንድ ጊዜ እናቴ በሕይወት ሳለች የጥምቀት ልብሱን ለብሶ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከደረሰ በኋላ «እግሬን አመመኝ» ብሎ ተመልሷል። ዘንድሮ እኔን ሊጠይቅ ጆሃንስበርግ ሲመጣ ዱርንፎንቴን ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ወሰድኩት። እዚህ ለጥምቀት የምንጠቀመው ሕፃናት የሚንቦጫረቁበትን የፕላስቲክ ገንዳ ነው፤ ጎኑ ላይ ቢጫ ዳክዬ ተስሎበታል። አባባ ገንዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ «እኔ በሳፋ አልጠመቅም። ዓሣ የሚኖርበት ውሃ ስታገኙ ጥሩኝ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ሁለተኛው ማምለጫ መሆኑ ገብቶኝ አልሳቅሁም። ወደ አገሩ የሚመለሰው በሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

«ዓሣ የሚኖርበት ውሃ» የሚለውን ቃል በቃል የወሰደው ወንጌላዊ ጴጥሮስ ነው። ወንጌላዊ ጴጥሮስ እሁድ እሁድ ይሰብካል፣ በቀረው ቀን እንደ እኔው አይቮሪ ፓርክ ሱቅ ይነግዳል። ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ሲያገላብጥ ከባሕር ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሐይቅ አገኘ፤ ሴንት ሉሲያ፣ ክዋዙሉ ናታል። «ሐዋሳን ይመስላል። ማዕበል የለውም፣ ሰውም አይበዛበትም» አለ። ለምን ሰው እንደማይበዛበት ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

አርብ

ገና ሳይነጋ ተነሳን። ባለቤቴ ሱቁን ሊጠብቅ ቀረ። በር ላይ እንደቆምን ከጎረቤት ጣሪያ ሀዲዳዎቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ሀዲዳ እንደ ዶሮ የገዘፈ፣ ምንቃሩ ወደ ታች የታጠፈ ወፍ ነው፤ ጆሃንስበርግን የሚቀሰቅሳት እሱ ነው። አባባ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «ይሄ እኛም አገር አለ። እዚያ ግን ነውር ያውቃል፣ እንዲህ አይጮህም» አለ።

ወንጌላዊው ባኪውን ይዞ መጣ። ባኪ እዚህ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበትን መኪና የሚሉት ነው። አባባ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ወንበር፣ የጥምቀቱ ነጭ ልብስ በፌስታል ጭኔ ላይ። ወንጌላዊው መሪውን ጨብጦ፣ ዓይኑን ሳይጨፍን እየነዳ የመንገድ ጸሎት ጀመረ። አባባ ጨፍኖ ነበርና አሜን ተብሎ ዓይኑን ሲገልጥ ከተማው አልቆ በቆሎ ማሳ መሃል ደርሰናል። «ጸሎቱ ነው የረዘመው ወይስ ከተማዋ ናት ያጠረችው?» አለ።

የኧርሜሎ መንገድ በድንጋይ ከሰል መኪኖች የተሞላ ነው። አንዱን ስታልፉ ሌላው ከፊት ይጠብቃችኋል። ማሳው ግን ያስቀናል፤ በቆሎው እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ እኩል ቆሟል። አባባ ብዙ ከተመለከተ በኋላ፣ «ማን ነው የሚያርመው? አንድ ሰው እንኳ አላየሁም እኮ» አለ። እውነቱን ነው። እኛ አገር ማሳ ካለ ከማሳው መሃል ቀና ብሎ እጁን የሚያወዛውዝልህ ሰው አለ። ለዚያ ሁሉ በቆሎ ሰላም የሚለን አላገኘንም። በእረፍት ቦታ ቆመን የጠበስኩትን ዶሮ በዳቦ በላን፤ አባባ ፉት ያለው ሻይ ስኳር ያንሰዋል ተብሎ ከባኪው ላይ ስኳር ወረደ። የነጋዴ መኪና ጥቅሙ ይኸው ነው።

ጉዳቱን ደግሞ ፒት ሪቲፍን ካለፍን በኋላ አየነው። መንገዱ በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ይገባል፤ አባባ ባሕር ዛፉን ሲያይ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊቱ ፈካ፣ መስኮቱንም ከፈተ። በዚያው ቅጽበት የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ወንጌላዊው ሐሙስ ዕለት ከጄፔ የጫነውን ቢስኩትና የበቆሎ ዱቄት ሳያራግፍ ነበር የመጣው። ስኮርታ ጎማው ደግሞ ከዕቃው ሁሉ ሥር ነው። «ለምን አላራገፍክም?» ስለው፣ «ጊዜ አልነበረኝም፤ ደግሞ ክብደት መኪናውን ያረጋጋዋል» አለኝ። ያን የሚያረጋጋ ክብደት ካርቶን በካርቶን አውርደን መንገድ ዳር ደረደርነው።

ከጫካው ሥራ የሚመለሱ ሴቶች በእግር ሲያልፉ የተደረደረውን ካርቶን አይተው ቆሙ። «ሳዎቦና ሲስ፣ ቢስኩት ትሸጣላችሁ?» አለች አንዷ በዙሉ ሰላም ብላ። ወንጌላዊው ክሪክ በእጁ እንደያዘ ከመኪናው ሥር፣ «ያቦ፣ ያቦ፣ እንሸጣለን!» አለ። ምን ላድርግ? ካርቶኑን ቀደድኩ። እኔ ስሸጥ፣ ከሴቶቹ ጋር የነበረ ዛፍ ቆራጭ ወንጌላዊውን ገፋ አድርጎ ጎማውን እሱ ቀየረው። ምን እንስጥህ ብንለው አንድ ቢስኩት ብቻ ወስዶ ሳቀ። አባባ ጉቶ ላይ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ሲታዘብ ቆየና፣ «እናንተ ልጆች መንግሥተ ሰማያት በር ላይም ሱቅ ሳትከፍቱ አትቀሩም» አለን።

ሐይቁ አጠገብ ያለችው ከተማ፣ ማቱባቱባ፣ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነበር። ያረፍነው ማ ቶኮ ቤት ነው። ማ ቶኮ የአንዲት የአይቮሪ ፓርክ ደንበኛዬ እናት ናቸው፤ ልጃቸው «ሆቴል ትገቢና አኮርፋለሁ» ብላኝ ነው አድራሻውን የሰጠችኝ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናቸው። አባባን ገና ከመኪና ሲወርድ «ምኩሉ!» ብለው ተቀበሉት፤ አያታችን ማለት ነው። የራሳቸውን አልጋ ለአባባ ለቀው እሳቸው ከእኔ ጋር ተኙ። በዚህ አገር እኔ ሰውን የማየው በሱቄ ፍርግርግ በኩል ነው፤ ሰው አልጋውን ሲለቅልኝ የማደርገው ይጠፋኛል።

እራት ፓፕ ነበር፣ ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ነጭ ገንፎ፣ ከጎኑ እርጎ። አባባ ሳህኑን ሲያይ ምንም ሳይጠይቅ በማንኪያ መሃሉን ጎድጎድ አድርጎ እርጎውን እዚያ አፈሰሰውና ከዳር ከዳር እየቆረሰ ያጠቅስ ጀመር። ማ ቶኮ እጃቸውን አጨብጭበው የጎረቤት ሴት ጠርተው አሳዩ። «ስልሳ ዓመት ሙሉ በልቼው መሃሉን መቆፈር አልመጣልኝም!» አሉ። አባባ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቅቤ ቢኖረው ደግሞ የበለጠ ይገባቸው ነበር» አለ፤ እኔ ግን ይህን አልተረጎምኩም።

ከዚያ ለምን እንደመጣን ጠየቁ። ወንጌላዊው ካርታውን ከፍቶ በጣቱ ሐይቁን አሳያቸው። ማ ቶኮ ስልኩን አዩ፣ ወንጌላዊውን አዩ፣ እንደገና ስልኩን አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ኤሽ፣ ልጄ! እዚያ ውሃ ውስጥ እኮ ጉማሬ ነው የሚኖረው!»

«ሐዋሳም ጉማሬ አለ» አለ ወንጌላዊው፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

«አዞስ?»

ወንጌላዊው ስልኩን ኪሱ ከተተ። አባባ ምን እንደተባለ ጠየቀኝና ስነግረው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ፣ «መቼም እኔ ዓሣ የሚኖርበት አልኩ እንጂ አዞ የሚኖርበት አላልኩም» አለ። ደስ ያለው ይመስል ነበር። ያ ደስታው አናደደኝ።

ቅዳሜ

ወንጌላዊ ጴጥሮስ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «ውሃው ሁሉ አዞ ሊሆን አይችልም» ብሎ ጠዋት ይዞን ወጣ። ማ ቶኮም አብረውን መጡ፤ «አዞ ሲበላችሁ ልይ» አሉ።

ቦታው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ወንዝና ሐይቅ ተገናኝተው በዝግታ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ ባሕሩ ደግሞ ሞላ ሲል ወደ እነሱ ይገባል። ጨዋማውና ጣፋጩ ውሃ በሚቀላቀልበት ሁሉ ጭቃ፣ ደንገልና ሣር ነው። ከሩቅ ለሚያየው የማይረባ ረግረግ ይመስላል። እኛ አገር ቢሆን «ተጠንፍፎ ቢታረስ» እንል ነበር። ቀርባችሁ ስታዩት ግን ጭቃው ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ወፍ ነው። ቀጫጭን እግር፣ ረጃጅም ምንቃር፣ ነጭ፣ ግራጫ፣ ሐምራዊ፤ ሁሉም አጎንብሶ ይለቅማል። ጥልቁ ላይ ፔሊካኖቹ እንደ ጀልባ ተደርድረው ይዋኛሉ። አባባ ገና ሲያያቸው፣ «እነዚህ የእኛ አይደሉም እንዴ?» አለ። ሐዋሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው የሚውለው እነሱኑ ነው።

ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት አፍ ላይ ሰፊ አሸዋ አለ። ከአሸዋው ወዲያ ደግሞ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ፣ መሬቱ የሚታይ፣ ፀጥ ያለ ውሃ። «ይኸው!» አለ ወንጌላዊው። «አዞ ቢመጣ ከሩቅ ይታያል!» ነገር ግን በአሸዋውና በእኛ መካከል ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ የወፍ ሥዕል ያለበት ምልክት ተሰቅሏል። የጥበቃ ልብስ የለበሰች ወጣት ሴት ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ማ ቶኮ በዙሉ ሰላም ብለዋት የመጣንበትን ነገሯት።

ልጅቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አሸዋውን አሳየችን። ትናንሽ ወፎች ጎጆ ሳይሠሩ ባዶ አሸዋ ላይ እንቁላል የሚጥሉበት ወቅት ነው አለች። ሰው ሲያልፍ እናቲቱ ትነሳለች፤ እሷ ከተነሳች ፀሐዩ እንቁላሉን ይፈጀዋል። ወዲያ ጭቃው ላይ ያሉት ደግሞ እንግዶች ናቸው፤ በሰሜኑ ብርድ ጊዜ ከበረዶ አገር ተነስተው፣ የእኛንም አገር ሐይቆች እያረፉባቸው፣ እዚህ ድረስ ይመጣሉ። የሚመጡት ለዚህ ጭቃ ነው። በውስጡ ያለው ትልና ቀንድ አውጣ ነው ለመልሱ መንገድ የሚያሰባቸው። «ይሄ ቢጠፋ መንገዱ መሃል ላይ ይቆረጥባቸዋል» አለች። ወንጌላዊው ወፍ ያለ ፐርሚት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ድንበር ያልፋል ብሎ ሊቀልድ አፉን ሲከፍት በክርኔ ነካሁት። ያንን ቀልድ ጄፔ ውስጥ ያልቀለደ አበሻ የለም።

ልጅቷ ሌሎች ጎብኚዎች ሊያነጋግሯት ሲጠሯት ሄደች። ወንጌላዊው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በጠርዙ በጠርዙ ብናልፍስ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ እሺ ልለው ነበር። የጥምቀቱን ልብስ ከፌስታሉ ማውጣት ጀምሬአለሁ።

አባባ ግን ገመዱ ሥር ቁጢጥ ብሎ አሸዋውን እያየ ነበር። «እዩ» አለ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ከዚያ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አሸዋ የመሰሉ፣ ነጠብጣብ ያለባቸው ሁለት እንቁላሎች አየሁ። አባባ ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ። «አይሆንም» አለ።

«አባታችን፣ ሌላ ቀን እኮ የለንም» አለው ወንጌላዊው። «እርስዎ ማክሰኞ ይሄዳሉ።»

«ሰማሁ። የሰው ቤት ረግጬ አልጠመቅም።»

እዚያ ላይ ነው የፈነዳሁት። «እግሬን አመመኝ፣ ሳፋ ነው፣ አሁን ደግሞ እንቁላል! አባባ፣ አልፈልግም በለኝና ይለይልን! እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ትሪ ተቀብላህ ሞተች!» ድምፄ ጮኾ ኖሮ ጭቃው ላይ ያሉት ወፎች ግማሹ ተነሱ። አባባ ዞሮ በእንጨት መተላለፊያው ሄደ። ማ ቶኮ ምን እንዳልኩ ባይሰሙም ሁሉም ገብቷቸው፣ «ተከተይው፤ አባት ነው» አሉኝ።

ያገኘሁት ወፍ ማያ ጎጆ ውስጥ ነው። ረግረጉ ዳር በእንጨት የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት፤ ውስጧ አግዳሚ፣ ፊት ለፊቷ ረጅም ቀጭን ክፍት። ሰው ሳይታይ ወፍ እንዲያይ የተሠራች ናት። ገብቼ አጠገቡ ስቀመጥ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ሱቄን ቁጭ! እኔም እኮ እንዲህ ባለች ክፍት በኩል ነው ዓለምን የማያት። ልዩነቱ፣ እዚህ ማንም መጥቶ «ሲስ፣ ዳቦ» አይለኝም። ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ በዚያች ክፍት በኩል ምንም ሳልሸጥ ዝም ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፊት ለፊታችን፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ ከደረቀ ዛፍ ላይ፣ አንገተ ረጅም ጥቁር ወፍ ወረደች። ሐዋሳም ሞልታለች፤ ጠልቃ ዓሣ የምትይዘዋ ናት። ተንሳፈፈች፣ ከዚያ ድንገት ጠፋች። ውሃው ተዘጋ። ቆይታ፣ ካልጠበቅንበት ቦታ ብቅ አለች። እንደገና ጠለቀች። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው አጠገቤ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ፤ «ፉፍ» የሚል። ዞሬ አባባን አየሁት። ጉንጩ ተነፍቷል፣ ፊቱ ቀልቷል፣ ሁለት እጁ ጉልበቱን ጨብጧል። ወፏ ብቅ ሳትል ትንፋሹን ለቀቀ። ስትጠልቅ እንደገና ያዘ። ከእሷ እኩል ሊቆይ እየታገለ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ቀድሟት ይተነፍሳል።

«አባባ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ «ምን እያደረግክ ነው?»

ክፍቱን እያየ፣ ወደ እኔ ሳይዞር መለሰልኝ። «ጭንቅላቴን ውሃ ውስጥ ከትቼ አላውቅም።»

«ሐይቅ ዳር ኖረህ?»

«ሐይቅ ዳር ነው የኖርኩት፤ ሐይቅ ውስጥ ነው እንዴ?» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ፊቴን እንኳ የምታጠበው በእፍኜ ነው። ውሃ ዓይኔንና አፍንጫዬን ሲሸፍነው ትንፋሼ ይጠፋብኛል። ከልጅነቴ ነው። ይሄን የሚያህል ሽማግሌ በጉባኤ ፊት ቆሞ ውሃ እፈራለሁ እንዴት ይበል?»

«እማዬስ ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም። እምነት የጎደለኝ ነበር የሚመስላት።» አለ። «ፈሪ ነው ከምትለኝ ያ ይሻለኛል ብዬ ተውኳት። አሁን ሳስበው ለእሷ የከፋው የቱ እንደሆነ አላውቅም።»

አለቀስኩ። ለእሷም፣ ለእሱም፣ ስለጮህኩበትም። አቅፌው እንዳልናገር የጀርመን ቋንቋ የሚናገሩ ቱሪስቶች ገብተው ከኋላችን ቆመው ነበር፤ ጎጆዋ ውስጥ ደግሞ ድምፅ ማሰማት ነውር ነው። ስለዚህ እጁን ያዝኩት። ወፏ ስትጠልቅ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ቱሪስቶቹ ወፍ ለማየት ከፍለው የሁለት አበሾች የተነፋ ጉንጭ አይተው ሄዱ። እኔ ቶሎ ለቀቅኩ። አባባ ያን ጊዜ ከወፏ እኩል ቆየ ማለት ይቻላል። «አየሽ?» አለኝ፣ እየሳለ።

ስንወጣ ለማ ቶኮ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አባባ ራሱ «ንገሪያቸው» አለኝ። ማ ቶኮ ሳይስቁ ሰሙና የእሳቸውን ነገሩኝ። የእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነጭ ለብሰው ባሕር ውስጥ ነው የሚያጠምቁት፤ እሳቸው ሲጠመቁ ሦስት ሰው ይዟቸው ጮኸዋል። ሰሜን በኩል ድንጋያማ ዳርቻ አለ አሉ፤ ጠዋት ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋዮቹ መሃል ውሃ ይቀራል፣ ማዕበልም አዞም አይደርስበትም። ተመልሰው የጥበቃዋን ልጅ ጠየቋት፤ እዚያ መግባት እንደሚፈቀድ፣ ባሕሩ መመለስ ሳይጀምር እንድንወጣ ግን አስጠነቀቀች።

እሁድ

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ ጎማም አልፈነዳ፣ ቢስኩትም አልቆ ነበር። እሁድ ጠዋትን ጽፌ ልጨርስ።

ማ ቶኮ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የአልጋቸውን ብርድ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ከፊታችን ሄዱ። ባሕሩ ርቆ ሸሽቷል። ድምፁ ግን አለ፤ የሐዋሳ ሐይቅ በነፋስ ቀን እንኳ እንዲህ አይናገርም። አባባ ሲሰማው ቆም አለ፤ ቢመለስ አልቆጣም ብዬ ቀድሜ ለራሴ ነግሬአለሁ። አልተመለሰም። ማ ቶኮ ድንጋዮቹ መሃል ያለ ክብ ውሃ አሳዩን፤ ጥልቀቱ ከወገብ አይበልጥም፣ ጥርት ያለ ነው።

አባባ ጎንበስ ብሎ አየው። «ይሄ ሳፋ ነው» አለ።

ወንጌላዊው ዓይኑን ጨፈነ።

አባባ አሁንም ጎንበስ ብሎ ነበር። ጥፍር የሚያክሉ ባለ ሰንበር ዓሣዎች ከጥላው ሸሽተው ድንጋይ ሥር ገቡ። «ግን ዓሣ አለው» አለና ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ወንጌላዊው ሱሪውን ሰብስቦ ገባ፤ ቅዝቃዜው በጉባኤ ፊት አሰምቶ የማያውቀውን ድምፅ አስወጣው። አባባ ነጩን ልብስ ለብሶ ገባ። እኔ ድንጋዩ ላይ ቆሜአለሁ። ወንጌላዊው አንገቱን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ አባባ እጁን ያዘው። «አትግፋኝ። ራሴ እወርዳለሁ፣ ራሴ እወጣለሁ። አንተ ስሙን ብቻ ጥራ።» ወንጌላዊው፣ «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም» አለ። አባባ አንዴ ወደ እኔ አየ፣ ጉንጩን ነፋ፣ ወረደ። ውሃው ከላዩ ተዘጋ።

አልወጣም። ሽበቱ ውሃው ውስጥ ሲወዛወዝ ይታየኛል፤ ግን አልወጣም። ወንጌላዊው ግራ ገብቶት አየኝ። ማ ቶኮ መዝሙር ጀምረው ነበር፣ አቋረጡ። ከዚያ ውሃው ተሰነጠቀና ያ ረጅም ሽማግሌ እያስነጠሰ፣ ዓይኑን በሁለት መዳፉ እያበሰ ቆመ። የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ሃሌሉያ አልነበረም።

«ማርታ! ከወፏ በላይ ቆየሁ?»

እኔም የያዝኩትን ትንፋሽ ገና አልለቀቅኩትም ነበር።

ማ ቶኮ እልል አሉ፤ ያው እንደ እኛው ነው እልልታቸው። አባባ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ውሃው ከሰፊው ልብሱ እንዲንጠፈጠፍ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ ፀሐዩ ላይ ቆመ። ወዲያ ጫፍ ድንጋይ ላይ አንዷ ጥቁር ወፍ ክንፏን ዘርግታ ትደርቅ ነበር። ሁለቱም ባሕሩን ያያሉ። ቢጠሩኝም እስክጠግብ አየኋቸው።

ብርድ ልብሱን አልብሰነው ተቀመጥን፤ ወንጌላዊው፣ አባባ፣ እኔ በግራው፣ ማ ቶኮ ከእኔ ቀጥሎ። ወንጌላዊው የጌታን እራት ይዞ መጥቶ ኖሯል፤ የተረፈንን የመንገድ ዳቦ በማ ቶኮ ሳህን ላይ ቆርሶ፣ ጸልዮ፣ ለአባባ ሰጠው። አባባ በሁለት እጁ ተቀበለ። እጁ ለምዶ ኖሮ ሳህኑን ሳያየው ወደ ግራው፣ ወደ እኔ አሳለፈው።

አልተቀበልኩትም። ሳህኑን በቀስታ ወደ ጉልበቱ መለስኩት።

«አባባ፣ ይሄ የአንተ ነው።»

ዞሮ አየኝ። ዳቦውን አየ። አንዱን ቁራሽ አነሳና ቀስ ብሎ በላ፤ ከዚያ ሳህኑን ሰጠኝ።